የድሮ የሲኒማ ስፒከር ሳሎን ገብቶ ሽሽሽ ይላል፣ ከየት ልጀምር?

ናዝሬቴ፦
ሰላም የድምጽ ሰዎች፣ አዳማ ነኝ ፍራንኮ አካባቢ። ድሮ ፊልም ይታይበት የነበረ አዳራሽ ዕቃው ሲሸጥ አጎቴ ገዝቶ መጋዘን የወረወራቸው ሁለት ትላልቅ ግራጫ ሳጥኖች ነበሩ። ሰው ሁሉ ሞንታርቦ ነው የሚላቸው ግን አይደሉም፣ ከላይ የብረት ጥሩምባ ተቀምጦበታል ጎኑ ላይ 511ቢ ይላል፣ ከጥሩምባው ኋላ የተገጠመው ከባድ ድብልብል ነገር ላይ አልቴክ ላንሲንግ 802 ይላል፣ ታች ደግሞ 15 ኢንች የወረቀት ስፒከር አለ። አጎቴ ቦታ ያዙብኝ ውሰድልኝ አለኝ፣ በአይሱዙ አስጭኜ አመጣኋቸው፣ ሳሎኑን ግማሽ በልተውታል ባለቤቴ እስካሁን አልታረቀችኝም 😅

ችግሮቼ እነዚህ ናቸው። አምፕሊፋየሬ ሰርግ ላይ የምታዩት ዓይነት ትልቅ የቻይና ነው፣ ሙዚቃ ሳልከፍት ገና ሲበራ ከጥሩምባው ሽሽሽሽ የሚል ድምጽ ይወጣል ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ይሰማኛል። ከዛ ደግሞ ሴት ስትዘፍን ወይ ትራምፔት ሲገባ ጆሮ ይበሳል። የግራው ደግሞ ከቀኙ ደብዘዝ ያለ ነው። ሰፈር ያሉ ሰዎች አንዱ ኮንደንሰሩን (ካፓሲተሩን) በሙሉ ቀይር ይለኛል፣ አንዱ ኬብል፣ አንዱ ጥሩምባውን አውጥተህ አዲስ ትዊተር (የቀጭን ድምጽ ስፒከር) አስገባበት ይለኛል። ብሬ ብዙ አይደለም፣ እናንተ ብትሆኑ መጀመሪያ ምን ትነካላችሁ?

በዛው ከአሜሪካ የመጣ ሸክላ ማጫወቻ አለኝ፣ 110 ስለሆነ በትራንስፎርመር ነው የምሰካው፣ ዘፈኑ ግን ይጎተታል ዘፋኙ ጠጅ ቤት አድሮ የመጣ ነው የሚመስለው። እሱንም የምታውቁ ካላችሁ።

አቦ_ተው፦
አቦ ሽጠው ለኔ፣ የባለቤትህም ነገር በዛው ይስተካከላል

የጥሩምባ_ወዳጅ፦
ናዝሬቴ ወንድሜ እንዳትሰማው። ቤትህ የገባው ነገር ምን እንደሆነ ልንገርህ። አልቴክ "ቮይስ ኦፍ ዘ ቲያትር" የሚባለውን የሲኒማ ስፒከር በፈረንጆቹ 1945 ነው ያወጣው፣ ያንተ ከነ511ቢው እና 15 ኢንቹ ሳየው ከዛ ዘር ኤ7 የሚባለው ይመስለኛል፣ ፎቶ ላክ። ላንሲንግ የሚለው ስም የጄምስ ላንሲንግ ነው፣ ሰውየው በ1946 ከአልቴክ ወጥቶ የራሱን ድርጅት ከፈተ፣ እሱ ነው ዛሬ ልጆች በብሉቱዝ የሚጮሁበት ጄቢኤል። ትዊተር አስገባበት ያለህን ሰው ሻይ ጋብዘውና ሸኘው።

አሁን ሽሽታው። ስፒከሩ አልተበላሸም። ይሄ ስፒከር በ1 ዋት 1 ሜትር ላይ 100 ዲቢ (የጩኸት መለኪያ ነው) አካባቢ ይሰጣል፣ ተራ የቤት ስፒከር 87 ምናምን ነው። 13 ዲቢ ልዩነት ማለት 20 እጥፍ ፓወር ማለት ነው፣ ሌላው ሰው በ20 ዋት የሚያገኘውን ጩኸት አንተ በ1 ዋት ታገኘዋለህ። ስለዚህ የአምፕሊፋየርህ የራሱ ሽሽታ ሌላ ስፒከር ላይ ቢሆን የማይሰማው አንተ ጋ በጥሩምባ ተነግሮ ይወጣል። 300 ዋት ለአዳራሽ የተሰራ አምፕ ለሳሎን ምን ያደርግልሃል፣ ከ2 ዋት በላይ መቼም አትጠቀምም ጎረቤት ከሌለህ በቀር።

በትንሽ ብር የሚሰራው ነገር በክሮስኦቨሩ (ቀጭኑን ድምጽ ወደ ጥሩምባው ወፍራሙን ወደ ታቹ የሚከፍለው) እና በ802 መሃል ሁለት ሬዚስተር ማስገባት ነው። 802ህ ባለ 8 ኦም ከሆነ 3.9 ኦም በተከታታይ፣ ከሱ በኋላ 8.2 ኦም ከድራይቨሩ (ከ802ው) ጋር ጎን ለጎን፣ ነጩን ባለ 10 ዋት ሴራሚክ ሬዚስተር ተጠቀም። 6 ዲቢ ይቀንስልሃል፣ ክሮስኦቨሩ ደግሞ አሁንም 8 ኦም ነው የሚያየው ስለዚህ ምንም አይረበሽም። ባለ 16 ከሆነ 8.2 እና 16 አድርገው። 8 ይሁን 16 ለማወቅ ገመዱን ነቅለህ በቴስተር ለካው፣ 6 አካባቢ ካነበበ 8 ነው፣ 10 እና ከዛ በላይ ካነበበ 16 ነው። ሽሽታውም ይወርዳል ጆሮ መብሳቱም ግማሹ አብሮ ይሄዳል ምክንያቱም አዳራሽ ውስጥ ጥሩምባው ሩቅ ላለ ሰው ነው የተስተካከለው አንተ ደግሞ አፉ ስር ነው የተቀመጥከው። ግን ሬዚስተር ከመግዛትህ በፊት ክሮስኦቨሩን እየው፣ አንዳንዶቹ ላይ የላይኛውን ድምጽ መቀነሻ ማዞሪያ አለ፣ እሱ ካለህ በነጻ ነው።

የግራውን ደግሞ ሳትገምት ፈትሸው። ሁለቱን 802 ግራና ቀኝ አቀያይራቸው፣ የሚገጠሙት በጥርስ ነው በእጅ ይፈታሉ፣ ከባድ ስለሆኑ ግን አንድ ሰው ይያዝልህ። ድብዘዛው ከድራይቨሩ ጋር ወደ ቀኝ ከሄደ ችግሩ ድራይቨሩ ነው፣ ግራ ላይ ከቀረ ክሮስኦቨሩ ወይ ገመዱ ነው። ይሄን ሳታደርግ ካፓሲተር አትግዛ።

እና 802ን ራሱን ለመክፈት ከቸኮልክ፣ ውስጡ ያለው ድምጽ የሚያወጣው ሽፋን ቀጭን አሉሚኒየም ነው፣ ማግኔቱ ደግሞ ካቻቢቴውን ከእጅህ ነጥቆ ይስበዋል፣ ካቻቢቴው ሽፋኑ ላይ ካረፈ አለቀ። ክዳኑን ስትፈታ ሌላ እጅህን ሁልጊዜ መሃል አድርግ። የአዳማ አቧራ ውስጥ የቆየ ዕቃ ስለሆነ በቀለበቷ ክፍተት ውስጥ የብረት ብናኝ ሊኖር ይችላል፣ በመንፋት አይወጣም ማግኔቱ ይዞታል፣ ካርቶን ላይ የተጠቀለለ ፕላስተር የሚያጣብቀው ፊቱ ወደ ውጪ ሆኖ አስገብተህ እያዞርክ ታወጣዋለህ።

ጋሽ_ሸክላ፦
ልጄ የሸክላውን እኔ ልመልስልህ። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ነው የሚቀይረው ሄርዙን አይቀይርም። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ ነው የኛ 50። የድሮ ማጫወቻ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከሄርዙ ነው፣ ስለዚህ 33ቱ ወደ 28 ገደማ ወረደብህ፣ 45ቱ ደግሞ 37 ተኩል ሆነ ማለት ነው። እኔ የአምሃ ሬኮርድስን 45 ሸክላዎች ከፈረንጆቹ 1969 ጀምሮ የወጡትን እየሰበሰብኩ ነው ያደግኩት፣ በ37 ተኩል እንዳትሰማቸው፣ ነውር ነው።

መፍትሄው ሞተሩ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ፑሊ መቀየር ነው። ብዙዎቹ የጀርመንና የእንግሊዝ ማጫወቻዎች ለ50 እና ለ60 የተለያየ ፑሊ ነበራቸው። ካላገኘህ ቶርኖ ቤት ወስደህ ዲያሜትሩ የድሮውን 1.2 እጥፍ የሚሆን አስቀርጽ፣ ነሐስ ይሁን፣ መሃሏ በትክክል ካልተበሳ ድምጹ ይወዛወዛል ስለዚህ ጎበዝ ባለሙያ ምረጥ። ማጫወቻህ በዲሲ ሞተር የሚሰራ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ አይመለከትህም፣ ላስቲኩ ላልቶ ይሆናል።

ስፒከሩን በተመለከተ ደግሞ የጥሩምባ ወዳጅ ያለው ደህና ነው፣ ግን እባክህ ሳጥኑን አትብሳ፣ ቀለም አትቀባ፣ የነቀልከውን ሁሉ በፌስታል አድርገህ ስም ጻፍበት። ስንቱ እንዲህ ያለ ዕቃ ምናለሽ ተራ ተበትኖ እንደቀረ ያየ ሰው ነኝ።

ሳውንድ_ሀዋሳ፦
ሰላም ናዝሬቴ፣ እኔ ሀዋሳ የሰርግና የስብሰባ ሳውንድ ነው የምሰራው፣ ከጥሩምባ ጋር ስውል ነው የማድረው። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ ሽሽታና ሁምታ አትቀላቅል። ሽሽሽ የሚለው ከአምፑ ነው የጥሩምባ ወዳጅ እንዳለው። ግን ታች ከትልቁ ስፒከር ኡኡኡም የሚል ካለ እሱ የመሬት (ግራውንድ) ጉዳይ ነው። ከላፕቶፕ የምታጫውት ከሆነ ቻርጀሩን ንቀለው በባትሪ ይሂድ፣ ከጠፋ ቻርጀሩ ነው። ብዙ ቤት ሶኬቱ ባለ ሶስት ቀዳዳ ሆኖ የመሬት ገመድ ግን የለውም፣ ኤሌክትሪሽያን ያሳየህ። የመሬት ገመዱን ቁረጠው የሚልህ ካለ ግን አትስማ ሰው ይሞታል።

ሁለተኛ የሚያስፈራኝ የመብራቱ ነገር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፕ ሳይጠፋ ከቆየ ዷ ይላል አይደል፣ ያቺ ዷ በትልቁ ስፒከር ምንም አይደለችም ለ802 ግን መርዝ ነች። እኔ ስራ ላይ ጀነሬተር ሲቀየር አምፑን በእጄ ሳላጠፋ ቀይሩ አልልም። አንተም መብራት ጠፍ ሲል ወዲያው አምፑን ማጥፋት ልማድ ይሁንህ።

ደግሞ ያን ትልቁን አምፕ ለሰርግ ተወው። በቲፒኤ 3116 ቺፕ የተሰሩ ትናንሽ ቦርዶች አሉ ርካሽ ናቸው፣ በ12 ቮልት ይሰራሉ፣ 8 ኦም ላይ ወደ 9 ዋት ይሰጡሃል፣ ባንተ ስፒከር 9 ዋት ማለት ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። የሶላር ባትሪ ካለህ በሱ አስነሳው፣ መብራት ጠፋ መጣ አያገባህም፣ ከግድግዳው የሚመጣ ሁምታም የለም። ቺፑ ጌይኑ (ድምጹን የሚያጎላበት መጠን) 20፣ 26፣ 32 ወይ 36 ዲቢ ላይ በሬዚስተር ይስተካከላል፣ የምትገዛው ቦርድ ከፍ ተደርጎ ከመጣ ወደ 20 አስወርደው ሽሽታው አብሮ ይወርዳል።

የጥሩምባ_ወዳጅ፦
ሳውንድ ሀዋሳ ልክ ነሽ፣ የባትሪው ነገር በጣም ደስ ይላል።

አንድ የረሳነው ነገር፣ ጥሩምባውን በጣትህ መታ አድርገው፣ ያቃጭላል። 511 የታወቀ አመሉ ነው። ከውጪ በኩል ብቻ መኪና ወለል ስር የሚለጠፈውን ጥቁር የሬንጅ ሉህ ለጥፍበት፣ ከውስጥ ምንም እንዳታስነካ።

ጋሽ_ሸክላ፦
በሬንጅ የተለጠፈን ጥሩምባ ማን ይገዛዋል? ለዘላለም አብሮት ይኖራል። አዳራሽ ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ሳይለጠፍበት ሰርቷል።

የጥሩምባ_ወዳጅ፦
ጋሼ አዳራሽ ውስጥ 15 ሜትር ርቀው ነው የሚሰሙት፣ ልጁ 3 ሜትር ላይ ነው። ደግሞ የሚሸጥ አላለም። እሺ ቀላሉን ይሞክር፣ የአሸዋ ከረጢት አናቱ ላይ ጣል ያድርግና ልዩነቱን ይስማ፣ ካልሰማ ይተወው።

ናዝሬቴ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ድራይቨሮቹን አቀያየርኩ፣ ድብዘዛው ግራ ላይ ቀረ ስለዚህ ክሮስኦቨሩ ነው ብዬ ጀርባውን ከፈትኩት፣ እውነትም ማዞሪያ አለው። ወዲያ ወዲህ ደጋግሜ ሳዞረው ክርርር ክርርር አለ፣ ከዛ በቃ ግራው በራ! ቀኝና ግራ አሁን እኩል ናቸው። ካፓሲተር ልገዛ አዲስ አበባ ልሄድ ነበር እኮ። በቴስተር 802ቹ ሁለቱም 6 ነገር ነው ያነበቡት፣ ማዞሪያውን ዝቅ አደረግኩት ሽሽታው ግን ገና አለ፣ ቦርዱን አዝዣለሁ። ከኋላ እንጨት ሸጉጬ ወደፊት ትንሽ አዘንብያቸዋለሁ፣ ጥሩምባው ከተቀመጠ ሰው ጆሮ በላይ ስለነበር፣ የሴቶቹ ድምጽ ተስተካክሏል። ባስ ግን ትንሽ ነው፣ ይጨመር ይሆን?

አንድ ልጅ ደግሞ ክሮስኦቨሩን ጥለህ በዲኤስፒ (ድምጹን በዲጂታል የሚከፍል መሳሪያ) ከፋፍለው፣ ለጥሩምባው አንድ አምፕ ለታቹ አንድ አምፕ አድርግ አለኝ። ሳውንድ ሀዋሳ ያለችው የዷ ነገር ግን አስፈራኝ።

አቦ_ተው፦
ባለቤትህ ሰላም ናት?

ናዝሬቴ፦
ዝግጅት አላት ቅዳሜ፣ ስፒከሩን አስፈልጓታል 😂

ሳውንድ_ሀዋሳ፦
ባሱ እንደ ሚኒባስ አይደበድብም፣ ለንግግርና ለሙዚቃ የተሰራ ነው። ግድግዳ ጥግ ብታስጠጋው ትንሽ ይጨምራል።

በዲኤስፒ መክፈል ጥሩ ነው፣ መከፋፈያውን 500 ሄርዝ ላይ አድርገው 511 ለሱ ነው የተሰራው፣ ከዛ በታች እንዳታወርደው። ለዷው ግን መከላከያ ያስፈልገዋል፣ አምፑ ከ802 ጋር በቀጥታ መገናኘት የለበትም፣ መሃል ላይ በተከታታይ ካፓሲተር አስገባ። ለ8 ኦም 80 ማይክሮፋራድ በቂ ነው፣ ከ250 ሄርዝ አካባቢ በታች ያለውን ነው የሚቆርጠው ስለዚህ ድምጹን አያበላሽም፣ ዲሲውን ግን ያስቀርልሃል፣ ዷውንም ይቀንስልሃል። ውድ የኦዲዮ ካፓሲተር አትፈልግ፣ የውሃ ፓምፕና ቬንትሌተር ላይ የሚሰራውን ባለ 20 ማይክሮፋራድ አራት ገዝተህ ጎን ለጎን እሰራቸው፣ አዳማ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሁሉ አለ። ስትገዛ ግን ሁልጊዜ ከሞተሩ ጋር የሚሰራውን በል፣ ለማስነሻ ብቻ የሚሆነው ጥቁሩ አይሆንህም። ከማሰርህ በፊት ሁለቱን እግሩን አገናኝተህ ቻርጁን አፍስስ፣ ሱቅ ውስጥ ሲፈትኑት ሞልተው ሊሰጡህ ይችላሉ።