ፔዳሉን እችለዋለሁ፣ ገንዘብ መጠየቁን ግን እንጃ

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ስልኬን ስነካካ፣ በልጆች ካንሰር ላይ ለሚሠራ ምርምር ገንዘብ የሚያሰባስብ የብስክሌት ጉዞ አየሁና ብዙም ሳላስብ ተመዘገብኩ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ጠዋት ነው። በአንድ ቀን የሚያልቅ ውድድር አይደለም። ወር ሙሉ እያንዳንዱ በራሱ ጊዜና በመረጠው መንገድ ይነዳል፣ ኪሎ ሜትሩ በስልክ ይመዘገባል፣ ሰዎች ደግሞ በተሳታፊው ስም ገንዘብ ይሰጣሉ። እኔ 300 ኪሎ ሜትር ብዬ ሞላሁ። ለምን 300 እንዳልኩ አትጠይቁኝ። ብስክሌት ከነዳሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል።

የገባሁበት በአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ምክንያት ነው። አምስት ዓመቷ ነው፣ ሉኪሚያ የሚባል የደም ካንሰር ተገኘባት።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። 300 ለእንደኔ ዓይነት ሰው እብደት ነው ወይ? ሁለተኛውና የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ሰው ገንዘብ መጠየቅ አለመቻሌ ነው። ይሉኝታ ይይዘኛል። መልእክቱን አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ አጠፋሁት። ወንድሜ ይባስ ብሎ «ያለሽን ሰጥተሽ አትገላገይም? ያንቺ ላብ ለታመመ ልጅ ምን ይሠራለታል?» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

አሮጌ ጎማ፦
እብደትስ አይደለም። በቀን ሲካፈል 10 ኪሎ ሜትር ነው። ግን በየቀኑ አትንጂ። በሳምንት አራት ቀን 15ም 20ም እየነዳሽ በሌላው ቀን እረፊ። የመጀመሪያው ሳምንት ከዚያም ያነሰ ይሁን። እኔ አንዴ ወሩን ስዝናናበት ከርሜ የቀረኝን በመጨረሻው ቅዳሜና እሁድ ልጨርስ ብዬ፣ ለሁለት ቀን ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ግድግዳ ይዤ ነበር።

ከምንም በፊት የመቀመጫውን ከፍታ አስተካክይ። ተቀምጠሽ ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርሽ ቀጥ ካለ ጥሩ ነው፣ ስትነጂ በፊተኛው የእግርሽ ክፍል ስለምትረግጪ ጉልበትሽ ትንሽ እጥፍ ይላል። ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ 300 ኪሎ ሜትር ከነዳሽ ጉልበትሽን ትታመሚያለሽ። ዳገት ሲመጣ ማርሹን ቀድመሽ ቀይሪ፣ መሃል ላይ ከሆንሽ በኋላ እንቢ ይልሻል። ሄልሜትና መብራት ያለ ክርክር። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣም ግዢ፣ ከሥሩ ደግሞ ፓንት አይለበስም። ይሄን ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ቆዳዬ ተልጦ ነው የተማርኩት።

ስለ ገንዘቡ ሌሎች ይመልሱ፣ እኔም አፋር ነኝ።

የልጅ አባት፦
ወንድምሽ ላነሳው እኔ ልመልስ፣ ልጄ በአራት ዓመቱ በዚሁ በሽታ ታሞብኝ ነበርና። አሁን 13 ዓመቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 ሲድኒ ፋርበር የሚባል የቦስተን ሐኪም፣ አሚኖፕተሪን የሚባል መድኃኒት ሉኪሚያ ለያዛቸው 16 ልጆች ሰጥቶ 10ሩ ተሻላቸው ብሎ ጻፈ። የተሻላቸው ለጊዜው ነው፣ በሽታው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች መድኃኒት ሲያጣምሩ፣ መጠን ሲጨምሩና ሲቀንሱ፣ ሲሳሳቱም ኖረው፣ ዛሬ በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የሉኪሚያ ዓይነት የተሟላ ሕክምና ባለበት አገር ከ10 ልጆች 9ኙ ገደማ የሚተርፉበት ሆኗል። ሕክምናው በቂ ባልሆነበት አገር ግን እንዲህ አይደለም፣ ያ ሌላ ቁጭት ነው። ልጄ ለሁለት ዓመት ተኩል ሲወስድ ከነበረው አንዱ ሜቶትሬክሴት ነው፣ የዚያ የመጀመሪያው መድኃኒት የቅርብ ዘመድ።

ግን ድኗል ማለት አልቋል ማለት አይደለም። ከወሰዳቸው መድኃኒቶች አንዱ ልብ ሊያደክም ስለሚችል ዛሬም በየጊዜው ልቡን እናስመረምራለን። ሌሎች የካንሰር መድኃኒቶች ደግሞ ጆሮ ሊጎዱ፣ ወደፊት መውለድንም ሊነኩ ይችላሉ። የአሁኑ ምርምር ግማሹ እንዴት እናድን ነው፣ ግማሹ እንዴት ሳንጎዳ እናድን ነው። ከእኛ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ የነበረችው ልጅ ዕጢው የአንጎሏ ግንድ ላይ ነበር። ለእሷ የሚሆን መድኃኒት አልነበረም።

ስለ ይሉኝታው ደግሞ ልጄ የታመመ ሰሞን የማውቃቸው ሰዎች ሲያዩኝ የሚሉት ይጠፋቸው ነበር። አንዳንዱ መንገድ ይሻገር ነበር። ክፋት አይደለም፣ ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ነው። ያንቺ መልእክት እንደዚህ ላለ ሰው የሚያደርገው ነገር ይሰጠዋል፣ ላብሽ የሚጠቅመው እዚያ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የልጅቷን ስምም ሆነ ፎቶ ከእናቷ ፈቃድ ሳታገኚ እንዳትጠቀሚ።

ሂሳብ ወዳድ፦
ከላይ ያለውን አንብቤ ዝም ልል ነበር፣ ግን አንድ ሰው ደረቁን ነገር መናገር አለበት። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ የሚገባበት መንገድ ከሌለ ተይው። በራስሽ ሂሳብ ቁጥር ምንም አትሰብስቢ፣ ብትታመኚም። ዓመታዊ ሪፖርታቸውን ፈልገሽ ከሚሰበሰበው ስንቱ ለምርምር እንደሚሄድ፣ ስንቱ ለቲሸርትና ለማስታወቂያ እንደሚወጣ እዪ። የተመዘገብሽበትን ውልም አንብቢ። እ.ኤ.አ. በ1980 በ36 ሰው የተጀመረው ፓን ማስ ቻሌንጅ በሚባለው የአሜሪካኖቹ የገንዘብ ማሰባሰቢያ የብስክሌት ጉዞ ላይ ለምሳሌ፣ ለመሰብሰብ ቃል የተገባው ገንዘብ ካልሞላ ልዩነቱን የሚከፍለው ራሱ ብስክሌተኛው ነው። ያንቺው እንዲህ ላይሆን ይችላል፣ ግን ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

አጠያየቁ ላይ፣ መጀመሪያ የራስሽን ስጪ። ዜሮ ላይ ያለ ገጽ ማንም መክፈት አይወድም። ከዚያ ለአንድ ሰው በስሙ፣ አጠር አድርገሽ ጻፊ። 200 ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ብትለጥፊው ሁሉም ሌላው ይሰጣል ብሎ ያልፋል። እንቢ ያለሽን ሰው ደግሞ አትቀየሚ፣ ኪሱን አታውቂውም።

ጀማሪዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የልጅ አባት፣ የእርስዎን መልስ ሦስቴ አነበብኩት። ልጅዎን እግዜር ያሳድግልዎ።

ባልደረባዬን ጠየቅኳት። ስሟን አትጥሪ፣ ግን ቢጫ ብስክሌት እንደምትወድ ጻፊ አለችኝና ሁለታችንም ትንሽ አለቀስን። ውሉንም አየሁት፣ ባይሞላም አያስከፍሉም። ትናንት 9 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። መቀመጫዬ ለካ ለስድስት ዓመት የሕፃን ልክ ነበር።

የመጀመሪያውን መልእክት የላክሁት ለወንድሜ ነው። «አየሁት» አለ፣ በቃ። ማታ ላይ ገጼን ስከፍት አንድ ሰው ስሙን ሳይጽፍ ገንዘብ ሰጥቶ ከሥሩ «30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ታቆማለች» ብሎበታል። እሱ እንደሆነ በምን ጠፍቶኝ።

አሮጌ ጎማ፣ የቁምጣውን ነገር ግን እርግጠኛ ነህ?