እናቴ ቤቱን ለታናሽ ወንድሜ መስጠት ትፈልጋለች፤ ስጦታ ይሻላል ወይስ ኑዛዜ?

የእናቷ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን ሳይናዘዝ ካረፈ 2 ዓመት ሆነው። ሦስት ልጆች ነን፤ ስለ ውርስ እስካሁን አንስተን አናውቅም። አሁን እናቴ ቤቱን ላስታመማት ታናሽ ወንድማችን ልስጥ ብላለች። እኔ ቅር አይለኝም። ታላቃችን ግን ይህን ከሰማ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ቤቱ የተሠራው ከተጋቡ በኋላ ነው። በስጦታ ታድርገው ወይስ በኑዛዜ?

መዝገቡ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ይህ ይጥራ። ቤቱ በሙሉ የእናትሽ አይደለም። በትዳር ውስጥ የተሠራ ስለሆነ፣ የግል ሀብት መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ የጋራ ነው። ግማሹ የእሳቸው፣ ግማሹ የአባታችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስትን ከባሏ ወራሾች ውስጥ አይቆጥራትም፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ስለዚህ የአባታችሁ ድርሻ ለሦስታችሁ እኩል ይከፈላል፤ ለእያንዳንዳችሁ የቤቱ 1/6 ይደርሳችኋል። እናትሽ ሊሰጡም ሊናዘዙም የሚችሉት ግማሻቸውን ብቻ ነው። መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ የወራሽነት ማስረጃ አውጡ።

ሰላም ይሁን፦
መዝገቡ ልክ ነው። ልዩነቱን ልጨምርልሽ። ኑዛዜ የሚሠራው ሰው ሲሞት ነው፤ እስከዚያ በፈለጉ ጊዜ ይሽሩታል። ስጦታ ግን ከአሁኑ ይጸናል፤ ነገ ቢጸጽታቸው ማስመለሱ ቀላል አይደለም። እኔ እናትሽ በዚህ ዕድሜያቸው ቤት አልባ እንዳይሆኑ እፈራለሁ። ስጦታ ከመረጡ የአላባ መብታቸውን ያስቀሩ። ማለትም ባለቤትነቱ ለልጁ ይተላለፋል፣ እሳቸው ግን በሕይወት እስካሉ ይኖሩበታል።

ቅን ልብ፦
ፎርሙን አደራ! የአጎቴን ኑዛዜ አራት ሰው ፈርሞበት ነበር። ግን ጽሑፉ በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ስለመነበቡ አንዲት ቃል አልሰፈረበትም። በዚህ ብቻ ፈረሰ። አክስቶቼ ዛሬም አይነጋገሩም። የቤት ስጦታም የሚደረገው እንደ ግልጽ ኑዛዜ ነው፦ በጽሑፍ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ይኸው ተጽፎበት፣ ቀን ተደርጎበት፣ እዚያው ተፈርሞ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። ታናሽ ወንድምሽ ራሱ ምስክር አይሁን።

የእናቷ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። 1/6 የሚለውን ጭራሽ አላውቅም ነበር። እናቴ ተናዳ ታላቁን «ከውርስ ነቅየዋለሁ» ብላ ብትናዘዝስ? የእኔን ድርሻስ ለታናሹ መስጠት እችላለሁ?

መዝገቡ፦
ያንቺን ድርሻ ትችያለሽ፣ በዚያው ፎርም። ልጅን ለመንቀል ግን ኑዛዜው በግልጽ መናገር አለበት፤ በቂ ምክንያቱም እዚያው ይጻፋል። ስልክ አለማንሳት ምክንያት አይሆንም። ቢነቅሉትም ከአባቱ ያገኘውን 1/6 አይነኩበትም። ወረቀት ከመጻፋችሁ በፊት ሰው ልካችሁ አነጋግሩት።

የእናቷ ልጅ፦
እሺ። ነገ ጠዋት ራሴ ቤቱ እሄዳለሁ።