ፋይዳ፦ መታወቂያ ነው ማነቂያ?

የከዚራው፦ ያ ጀመዓ፣ ትናንት በርጫ ላይ የተቋረጠውን ክርክር እዚህ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ባንክ ሂሳብ ልከፍት ሄጄ ያለ ፋይዳ፣ ያለ አዲሱ ዲጂታል መታወቂያ ማለት ነው፣ አይሆንም ተባልኩ። የቀበሌ መታወቂያ አለኝ፣ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ፓስፖርትም አለኝ። አይሆንም! አሻራህ፣ የዓይንህ ብሌን፣ ፊትህ፣ ስልክህ፣ ገንዘብህ በአንድ 12 አሃዝ ቁጥር ከታሰረ ምን ቀረህ? ይሄ መታወቂያ አይደለም፣ ማነቂያ ነው። የሚቃወም ይምጣ።

ደብተር ያዡ፦ መጣሁ። አቦ አታጋን። በቀበሌ መታወቂያ እኮ ሦስት ሰው መሆን ይቻል ነበር። በሦስት ስም ከሦስት ባንክ ተበድሮ ውሃ የበላው ሰው አታውቁም? እኔ አውቃለሁ። ለዚያ ሰው ዕዳ ነው ባንኩ ዛሬ አንተን ቤት አስይዝ፣ መኪና አስይዝ የሚልህ። ማን እንደሆንክ በእርግጥ ካላወቀ ሱቅህን አይቶ አያበድርህም። እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ስንት ነጋዴ አለ፣ በቀን ብዙ ብር እያገላበጠ ባንክ ፊት ግን እንደሌለ የሚቆጠር? ለእሱ ፋይዳ ማለት መኖሩ መታወቁ ነው።

የከዚራው፦ ታይዋን ያለው ነጋዴ መታወቅ የሚፈልግ መሰለህ? 😂 ገቢዎችም እኮ እያየ ነው።

ደብተር ያዡ፦ እሱማ የግብር ጉዳይ ነው፣ ስለላ አትበለው።

የጀጎሉ፦ ከሐረር ልግባ። እኛ ጋ ጀጎል በ5 በር የገባ ሁሉ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ለማን ዕቃ ይዞ እንደመጣ፣ ምሳ የት እንደሚበላ ሳይቀር ይታወቃል። ያለ ኮምፒውተር 😂 ስለዚህ መታወቅን አትፍሩ።

የከዚራው፦ ጎረቤትህ ቢያውቅህ ሂሳብህን አይዘጋብህም። ልዩነቱ እሱ ነው።

ጋሽ ሐዲድ፦ ልጆች፣ እኔ የባቡር ሰው ነኝ። በደርግ ጊዜ አሻራ የሚያነብ ማሽን አልነበረም። ጆሮ ጠቢ ግን በየቀበሌው ነበር። እንግዳ ቤትህ ካደረ ለቀበሌ ታስመዘግባለህ። የሚያሳብቅብህ ደግሞ አብሮህ ቡና የሚጠጣው ነው። እኔ ማሽኑን አልፈራም፣ ማሽኑ ጋ የሚቀመጠውን ሰው ነው የምፈራው።

የከዚራው፦ ጋሼ እንዳሉት! እስኪ ስለ ቅርቡ እናውራ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2015 ሀኪንግ ቲም የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ ራሱ ተጠለፈና 400 ጊጋባይት ፋይሉ አደባባይ ወጣ። ሥራው ለመንግሥታት የስለላ ሶፍትዌር መሸጥ ነው። ከደንበኞቹ መካከል ማን ተገኘ? የእኛው ኢንሳ፣ የመረጃ መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ። ከዚያ በፊት በ2014 ደግሞ ሲቲዝን ላብ የሚባለው የቶሮንቶ የምርምር ተቋም በውጭ አገር የነበረው የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች በዚሁ ሶፍትዌር እንደተጠቁ ጽፎ ነበር። እና እነዚህን ሰዎች ዓይኔን ላስነብባቸው?

ደብተር ያዡ፦ ራስህ መለስከው እኮ። ያ ሁሉ ሲሆን ፋይዳ የት ነበር? አልነበረም! ሊሰልልህ የፈለገ መታወቂያህን አይጠብቅም።

የከዚራው፦ አይደለም፣ ቀስ በል። ያኔ አንድ ሰው ለመሰለል ሶፍትዌር በዶላር መግዛት፣ ለዚያ ሰው የሚሆን ማጥመጃ ኢሜይል መጻፍ፣ እስኪከፍተው መጠበቅ ነበረባቸው። ውድ ነው። ውድ ስለሆነ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደረገው፣ ጋዜጠኛ ላይ፣ ፖለቲከኛ ላይ። ሲም፣ ባንክና ግብር በአንድ ቁጥር ከተሳሰረ ግን ሁሉንም ሰው ማየት ርካሽ ይሆናል። የእኔ ክርክር ይሄ ነው፣ ዋጋው መርከሱ።

ደብተር ያዡ፦ እሺ፣ ይሄኛው ነጥብ ነው። አልክድም። ግን በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2014 ሳፋሪኮም ከአገሩ ሁሉ ቀድሞ ሙከራውን ድሬ ላይ ሲጀምር ሲም ለማግኘት የተሰለፍነው ማን ነን? መታወቂያም ሰጠን፣ ፎቶም ተነሳን። ያኔ ማነቂያ ያለ ሰው አላስታውስም። ርካሽ ዳታ ስለነበር ነው?

የጀጎሉ፦ 😂😂 አንዱ ፋይዳን በቲክቶክ ላይቭ ሲሰድብ አየሁት። ፊቱ፣ ቤቱ፣ የልጁ ዩኒፎርም ሳይቀር ይታያል።

የቀፊራዋ፦ እናንተ ስለላ ስለላ ትላላችሁ፣ እኔ የእናቴን ልንገራችሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ቀፊራ ከሰል ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። አሻራ ልትሰጥ ወሰድኳት። ልጅቷ ጣቷን በሶፍት ጠረገች፣ አስቀመጠች፣ ማሽኑ እምቢ አለ። ደግማ ጠረገች፣ እንደገና እምቢ። የጣቷ መስመር አልቋል፣ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል። ሙቀቱ፣ ላቡ፣ ሰልፉ። እናቴ እጇን ወደ ነጠላዋ ሰብስባ «በቃ እኔ የለሁም ማለት ነው?» አለችኝ። በኋላ በዓይኗ ተመዘገበች፣ አልሐምዱሊላህ። ግን እኔን የሚያስፈራኝ መሰለሉ አይደለም። ለሁሉ ነገር ፋይዳ ብቻ ከተባለ በዚያ ማሽን ያልተነበበው ሰው እርዳታም፣ ገንዘቡም ይቀርበታል።

ደብተር ያዡ፦ ለዚህ መልስ የለኝም እህቴ። ሌላ አማራጭ መኖር አለበት። ሕንዶች አድሃር የሚሉትን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሲሠሩ ኖረው በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው መታወቂያው ይቀጥል፣ ለባንክ ሂሳብና ለሲም ግን ግዴታ አይሁን ብሎ ወሰነ። ኬንያም በ2021 ፍርድ ቤቱ ሁዱማ ካርድ የሚሉትን መታወቂያቸውን የዳታ ጥበቃ ግምገማ ሳይደረግለት ነው የወጣው ብሎ አስቆመው።

የከዚራው፦ እኛ ጋስ ማን ያስቆማል?

ደብተር ያዡ፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለ እኮ። የፋይዳው ራሱ 1284/2015 ነው።

የከዚራው፦ ቁጥሮቹን ተዋቸውና፣ መታወቂያው መጀመሪያ፣ ጥበቃው በኋላ መውጣቱን ግን ልብ በሉልኝ።

የጀጎሉ፦ አንድ ነገር ልጨምር። የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበር። ፋይዳ ላይ የለም። ሩዋንዳ በ1994 ኬላ ላይ ሰው የተገደለው መታወቂያው ላይ በተጻፈችው አንዲት ቃል ነው። ለእኔ ይሄ ብቻውን ይበቃኛል።

የከዚራው፦ ስምህና የአባትህ ስም አይናገርም?

የጀጎሉ፦ ይናገራል። ቢሆንም መንግሥት በማኅተሙ አይጻፈው።

ፎቶ ኮፒ ቤት፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሥራዬ ኅትመት ነው፣ ሳቢያን። ወንድሞቼ፣ ኢንሳን ተዉትና የእኔን ኮምፒውተር ፍሩ። ሰው ይመጣል፣ ፋይዳዬን አውርድልኝ ይለኛል። ቁጥሩን ይነግረኛል፣ ስልኩ ላይ የመጣውን ኮድ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ እየሰማ። ሌላው በቴሌግራም ይልክልኛል። አትሜ፣ ላሚኔት አድርጌ እሰጣለሁ። ፋይሉስ? ዴስክቶፑ ላይ «ፋይዳ አዲስ»፣ «ፋይዳ አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ ፋይዳ» የሚሉ ፎልደሮች አሉኝ። ያ ኮምፒውተር የይለፍ ቃል የለውም፣ ረዳቴ ፊልም ያይበታል። እስከዛሬ አጥፋልኝ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ወላሂ፣ አንድ!

የቀፊራዋ፦ የእናቴንም ያተምነው እንዲህ ነው 🤦🏽‍♀️

ጋሽ ሐዲድ፦ አላልኳችሁም? ሰውየው ይሄው።

ፎቶ ኮፒ ቤት፦ ጋሼ፣ እኔ ጆሮ ጠቢ አይደለሁም! ዛሬ ማታ አጸዳዋለሁ።

የከዚራው፦ ነገ የከሰረ ኅትመት ቤት ኮምፒውተሩን ታይዋን ቢሸጠውስ? የስንቱ ፊት አብሮ ይሸጣል! እሺ፣ ይሄን እኔም አላሰብኩትም። ባንኩ በራፍ ላይ ስጮኽ ኮፒውን በእጄ ይዤ ነበር 😅

ባለባጃጁ፦ ሰላም ጀመዓ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ላይ ላዩን ነው ያነበብኩት። ባንክ ቤት ቁጥሩን ጻፍ ብለውኛል። የቱ ነው ቁጥሩ፣ የፊቱ ነው የጀርባው?
[ፎቶ]
[ፎቶ]

የከዚራው፦ አጥፋው!!!

ደብተር ያዡ፦ ዋሪያ አጥፋው፣ ፈጥነህ!

የቀፊራዋ፦ የጀርባውንም?? ያ ረቢ

ባለባጃጁ፦ ምነው፣ ምን አጠፋሁ?

ጋሽ ሐዲድ፦ ፎቶህ ግን ጥሩ ወጥቷል ልጄ።

ፎቶ ኮፒ ቤት፦ ባለ ቀለም ነው ጥቁርና ነጭ?