6 ሚሊ ሜትር ሰፋ ብሎ ደህናውን ጎማ ልጣል?

ዳገት ወዳድ (ዴንቨር)

ሰላም ወገን። እስኪ ይሄን ነገር አስረዱኝ። የ2014 ሞዴል 29 ኢንች የተራራ ሳይክል አለኝ። ፍሬሙ ከፔዳሉ በላይ ተሰንጥቋል፣ ስለዚህ አዲስ ፍሬም እየፈለግኩ ነው። ጎማዎቹ ግን አንደኛ ናቸው። በእጅ ያሠራኋቸው፣ 32 ስፖክ፣ የኋላውን ሀብ (ስፖኮቹ የሚታሰሩበትን የጎማውን እምብርት) በጣትህ ስታዞረው ኩሽኔታው ድምፅ እንኳን አያሰማም። ችግሩ ሀቡ 142 በ12 ነው (ስፋቱ 142፣ የአክስሉ ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር)፣ የማየው ፍሬም ሁሉ ደግሞ ለ148 የተሠራ። ቡስት ነው የሚሉት። 6 ሚሊ ሜትር እኮ ናት! የእርሳስ ውፍረት አትሞላም። አንዱን ሻጭ ስጠይቀው "ጎማው ይጠነክራል" አለኝና ሳይተነፍስ የአዲስ ጎማ ዋጋ ነገረኝ። እውነት ለውጥ አለው ወይስ ኪሳችንን ለማራገፍ ነው? የሆነ ነገር ጨምሬበት አሮጌውን መጠቀምስ አልችልም? የፊቱም ያው ነው፣ የኔ 100፣ አዲሶቹ ሹካዎች 110።

ቸርኬ አቃኝ (ሲያትል)

ወንድሜ፣ ሁለቱም ነው። እኔ ሳይክል መጠገን ሥራዬ ነው፣ ቸርኬ ሳቃና ነው የምውለው።

የኋላ ጎማህን ከበስተኋላ ቁጭ ብለህ እየው። የቀኙ ስፖኮች ቀጥ ብለው ነው የሚወጡት፣ የግራዎቹ ጋደል ብለው። በቀኝ በኩል ቦታውን ማርሾቹ ስለያዙት ስፖኩ የሚታሰርበት የሀቡ ክንፍ ወደ መሃል ተገፍቷል። ስለዚህ ቸርኬው መሃል ላይ እንዲቆም ቀኙ በጣም ይወጠራል፣ ግራው ይላላል። ማርሹ 9 ነበር፣ 10 ሆነ፣ 11 ሆነ፣ አሁን 12። 29 ኢንች ሲመጣ ደግሞ ስፖኩ ረዘመ፣ የረዘመ ስፖክ ጎማውን ወደ ጎን ያላምጠዋል። ሳይክል ሠሪው ትሬክና ዕቃ ሠሪው ስራም ለ2015 ሞዴል ቡስትን ይዘው ሲመጡ ክንፎቹን በየጎናቸው 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ አወጧቸው። የፊት ጥርሱም አብሮ 3 ሚሊ ሜትር ወጣ፣ የካቴናው መስመር (ከፍሬሙ መሃል ያለው ርቀት) ከ49 ወደ 52 ማለት ነው፣ በዚህም ፍሬም ሠሪው ከኋላ ሳያስረዝም ወፍራም ጎማ የሚያስገባበት ቦታ አገኘ። ለኔ ከጥንካሬው ይልቅ ይሄኛው ጥቅም ይበልጣል።

ግን አንተ ስትነዳ ትለየዋለህ ወይ? ከባድ ሰው ካልሆንክና ከትልቅ ቋጥኝ የማትዘል ከሆነ፣ አይመስለኝም። ከጎማህ ትንሽ ንፋስ ብታስተነፍስ ከዚህ የበለጠ ልዩነት ይሰማሃል።

ኮረኮንች (ፍራንክፈርት)

ቸርኬ አቃኝ፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ዋናውን ዘለልከው። ሰፊ ሀብ እኮ ነበረ! የቁልቁለት ሳይክሎች 150 ነበራቸው፣ ከዚያ 157። ጥንካሬ ከሆነ የተፈለገው ያንን ማንሳት ነበር፣ 148 የሚባል ቁጥር ምን አመጣው?

142 ሲመጣ ብዙም አልተነጫነጭኩም። 135ቱ ላይ ግራና ቀኝ 3.5 ተጨመረበት፣ ጎማው ፍሬሙ ውስጥ ቁጭ እንዲል ስርጉድ ተሠራለት፣ ክንፉ ግን አልተነካም፣ ስለዚህ ብዙው ሀብ የጫፍ ቆቡን ብቻ ለውጦ ሠራ። እንዲህ ነው ለውጥ። የፊቱን ደግሞ እዩት። 110 በ20 የሚባል ነበረ። እነሱ 110 በ15 አመጡ። ስትሰማው አክስሉ ብቻ የቀጠነ ይመስልሃል፣ ግን የፍሬን ዲስኩ ቦታም ስለተለየ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ገና ቡስትን ሳንለምደው በ2016 ፒቮት የሚባለው ድርጅት ስዊችብሌድ የተባለ ሳይክሉን በ157 አወጣ፣ "ሱፐር ቡስት" ተባለ። ያው ሰፊው ቁጥር በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ነው።

ቸርኬውም እንደዚያው። 26 ኢንች ሞተ አሉን። ጃያንትን የሚያህል ድርጅት ለ2014 በ27.5 ተወራረደ። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ወደ 29 ነጎደ። አሁን ደግሞ ፊት 29፣ ኋላ 27.5 ነው ፋሽኑ፣ ዓለም አቀፉ የሳይክል ማኅበር ዩ ሲ አይም በ2019 ለውድድር ፈቀደው። እኔ ሰልችቶኛል።

ቸርኬ አቃኝ (ሲያትል)

157 ያልተመረጠበት ምክንያት ነበራቸው። ያኔ ሰው ሁሉ የለመደው በሁለቱ ፔዳሎች መሃል ያለው ስፋት ሳይቀየር ጥርሱን ብቻ 3 ሚሊ ሜትር ማውጣት ይቻል ነበር። 157 ላይ ተረከዝህ ፍሬሙን እንዳይመታ ብዙ ነገር ማስተካከል ያስፈልጋል። የፊቱን በተመለከተ ግን አልከራከርህም፣ እኔም ይቆጨኛል።

እንጦጦ 26 (አዲስ አበባ)

የናንተ ጭንቀት እኛ ዘንድ ገና አልደረሰም 😂 የኔ 26 ኢንች ነው፣ ኋላው 135፣ በእጅ የሚፈታ። እንጦጦ ወጥቼ ስወርድበት ማንም መጥቶ ሞተሃል አላለኝም። ጎማም ካላማዳሪም መርካቶ ገብቼ እገዛለሁ። ጓደኛዬ 27.5 ነው ያለው፣ ጎማው ሲቀደድ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ሲጠብቅ ይከርማል። 29 ከሱ ይሻላል፣ ቸርኬው እንደ ኮርሳ ሳይክል 622 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በጭንቅ ቀን የኮርሳ ካላማዳሪ ያስኬዳል።

ጨምሬበት ልጠቀም ላልከው፣ እዚህ ቢሆን ቶርኖ ቤት ነበር የምልክህ። እኔ የፍሬን ዲስኬ ካሊፐሩን (ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘውን) ሲነካብኝ እዚያው ሄጄ ሮንዴላ አሠርቻለሁ። ሰውዬው ከአሉሚኒየም ዘንግ ላይ ቆረጠ፣ ለካ፣ ትንሽ ፋቀ፣ እንደገና ለካ፣ ስድስቱን ቀዳዳ በስቶ ሰጠኝ። የሻይ መጠጫ ያህል ጊዜ ነው የፈጀው። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም። እና ደግሞ ጎማዎቹን የምትጥላቸው ከሆነ አድራሻዬን ልላክልህ?

ማርሽ ቀይር (ለንደን)

ሁሉንም ለውጥ በአንድ ከረጢት አንክተተው እንጂ። ማርሽ መቀየሪያው የሚታሰርባትን ቁራጭ ብረት አስታውሱ። በፊት እያንዳንዱ ፍሬም የራሱ ነበረው፣ ስትጣመምብህ ያንተን የምታክል ለማግኘት ሳምንት ትፈልጋለህ። ስራም በ2019 ዩ ዲ ኤች የሚባለውን አወጣ፣ ሌሎቹም ተቀበሉት፣ አሁን የትኛውም ሱቅ ገብተህ ትገዛለህ። ይሄም ስታንዳርድ ነው።

ኮረኮንች (ፍራንክፈርት)

አዎ፣ ከዚያ በ2023 ትራንስሚሽን የሚባለውን ማርሽ መቀየሪያ አመጡና ፍሬምህ ዩ ዲ ኤች ካልሆነ አይታሰርም አሉ። መንጠቆው ላይ ያለችውን ትል ነው እያመሰገንክ ያለኸው ወንድሜ።

ዳገት ወዳድ (ዴንቨር)

እሺ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንጦጦ 26፣ አልጥላቸውም፣ ግን የ26 ጎማ ካገኘሁ አስብሃለሁ። የሀቡ ሠሪ ለ148 የሚሆን መቀየሪያ አለው፣ አሁን አየሁት። ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ በየጎኑ 3፣ ሌላው 6ቱንም በግራ በኩል። የቱን ልግዛ? ማርሹንም ወደ 12 ልቀይር አስቤያለሁ።

ቸርኬ አቃኝ (ሲያትል)

6ቱ በግራ። በየጎኑ 3 ካደረግከው ቸርኬው እንዳለ መሃል ላይ ይቆማል፣ ሥራው ይቀላል፣ ግን ማርሾቹ ከፍሬሙ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይቀራሉ። 6ቱን በግራ ስታደርገው ሀቡ ወደ ቀኝ ይሄድና ማርሾቹ ቦታቸው ላይ ይቀመጣሉ። ቸርኬውን ግን 3 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ መሳብ አለብህ። ይሄ ደግሞ ጥሩ ጎን አለው፣ ቅድም ያልኩህ የቀኝና የግራ ውጥረት ይቀራረባል፣ ጎማህ ከበፊቱ ይጠነክራል። ስፖኩ ርዝመቱ ይበቃል፣ ጎማ የሚያቃና ሰው ጋ ብቻ ውሰደው። የፊቱም መቀየሪያ ይኖረዋል፣ ሀቡን ስትነግራቸው ያውቁታል።

12 ማርሽ ከፈለግክ ሀብህ የትኛውን ዓይነት የማርሽ መያዣ እንደሚቀበል ቀድመህ ጠይቅ። የስራም ኤክስ ዲ በ2012፣ የሺማኖ ማይክሮ ስፕላይን በ2018 ነው የመጣው፣ ለ2014 ሀብ የሁለተኛውን መያዣ ሠሪው ሠርቶለት ከሆነ ተገላገልክ፣ ካልሆነ በስራም ቆይ። እና ዲስኩ ሥር 6 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ ስለሚገባ የድሮዎቹን ብሎኖች እንዳትመልስ። ጥርሳቸው ሀቡን በደንብ አይዝም፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ይመዘዛሉ። ረጃጅሞቹ ከመቀየሪያው ጋር ካልመጡ ለብቻቸው ግዛ፣ ስድስት ናቸው።