«ሆምሊ» ብሎ ባና ላይ መጻፍ ይቻላል?

ጓሳ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በመንዝ ባና (ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ) ጫፍ ላይ የሚሰፋ ትንሽ ጨርቅ አለ፤ በእንግሊዝኛ ይጻፍበታል። ረቂቁ «ሃምብል፣ ሆምሊ፣ ኮዚ ብላንኬት ፍሮም መንዝ» (humble, homely, cozy blanket from Menz) ይላል። ሊባል የተፈለገው ጌጥ ያልበዛበት፣ የቤት እጅ የሠራው፣ ውርጭ የሚመክት ዕቃ ነው። ጨርቁ የሚይዘው ሁለት ቅጽል ብቻ ስለሆነ አንዱ መውጣት አለበት። የቱ ይውጣ? «ሆምሊ»ን «ቤተኛ» ብሎ መረዳትስ ልክ ነው?

ድርና ማግ፦
«ሆምሊ» ይውጣ። ቃሉ እንደ አገሩ ይለያያል። እንግሊዞች እሳቱ የሚነድበትን፣ ገበታው የማይጎድልበትን ቤት «ሆምሊ» ሲሉ እያመሰገኑ ነው። አሜሪካኖች ግን በተለይ የሰው መልክ ላይ ሲያውሉት «መልከ ጥፉ» ማለታቸው ነው፤ ዕቃ ላይ ሲሆንም ያ ጥላ አይለቀውም። አሜሪካዊው ያንኑ ምስጋና ሲፈልግ «ሆሚ» ይላል። ገዢው ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ «ሆምሊ» አያዋጣም።

አንኮበር በር፦
«ቤተኛ»ም አይሆንም። ቤተኛ ሰው ነው። ደጅ ሳያንኳኳ የሚገባ፣ ጓዳ ቢገባ የማይታፈር። ባና ቤተኛ ነው ካሉ ባናው የሰው ቤት ለምዷል እንደ ማለት ነው። ለሆምሊ የሚቀርበው አማርኛ «ቤት ያፈራው» ነው፤ እንግዳ ሲቀርብለት «ቤት ያፈራውን ቅመስ» እንደሚባለው። ሳይዘጋጁ፣ ሳይኩራሩ፣ ያለውን ማቅረብ። እንግሊዞቹ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ቅኔ ቆጣሪ፦
ከመፍረድ በፊት ሥሩ ይታይ። በግእዝ «ቤተ» ግስ ነው፤ አደረ ማለት ነው። ቤት ማለትም የሚታደርበት ነው። ዐረቡም «ባተ» ሲል አደረ ማለቱ ነው። ስለዚህ ቤተኛ በሥሩ «አዳሪ» ነው። ባና ደግሞ የሌሊት ዕቃ ነው፤ ከሰው ጋር ያድራል። በዚህ መንገድ ከሄድን ባናን ቤተኛ ማለት ከሰውም ይልቅ ይገባዋል።

አንኮበር በር፦
መሪጌታ፣ ሥሩን ተቀብያለሁ። የዛሬው ቃል ግን በሥሩ ብቻ አይተረጎምም። ሥሩ ከሆነ ዳኛው፣ የዛሬ ተማሪ ቤትም ማደሪያ ሊሆን ነው።

ዘይፋት፦
ስለ «ኮዚ» አንድ ነገር ልጨምር። ከእኛ «ጎጆ» ጋር የሚዛመድ ይመስለኛል። ካፍና ገመል (ከ እና ገ) ይወራረሳሉ፣ ዘና ጀም ይወራረሳሉ። ትርጉሙም ያው ነው፤ ጠባብ፣ ሙቅ፣ ጌጥ የሌለው።

ድርና ማግ፦
ወንድሜ፣ አይዛመዱም። «ኮዚ» ከስኮትላንድ የመጣ ቃል ነው፤ የኖርዌዮቹ «ኩሸሊ» ዘመዱ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ ዝምድና አይቆምም። የእንግሊዝኛ «ካፍ» ሁሌ በእኛ «ገመል» የሚመጣ ከሆነ ሌሎች ሦስት አራት ቃላት በዚያው ሕግ ተሰልፈው መታየት አለባቸው። «ቤት»ን ከዕብራይስጡና ከዐረቡ ጋር የምናዛምደው በአንድ ቃል ተመርኩዘን አይደለም።

«ኮዚ» ግን ለዚህ ባና ይስማማል፤ ምክንያቱ የቃሉ ጠባይ ነው። ውጭው ካልበረደ «ኮዚ» አይባልም። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን በኅዳር ውርጭ ባና ለብሶ ምድጃ ዳር መቀመጥ «ኮዚ» ነው። ያው ባና ሸዋ ሮቢት ቢወርድ ሙቀት እንጂ «ኮዚ» አይሆንም። በአማርኛ «ምቹ» አይተካውም፤ መንገድም ወንበርም ምቹ ይባላል። «ሞቅ ያለ»ም ወደ መጠጥና ወደ ጨዋታ ያደላል። ቅርብ የሆነው «ጥግ» ነው፤ ከነፋስ መጠለያ ስለሆነ ውጭ ብርድ እንዳለ አብሮ ይናገራል። ተጠንቀቁ፣ «ኮዚ» ክፉ ፊትም አለው። ሁለት ባለሥልጣኖች «ኮዚ» ናቸው ከተባለ በጓዳ ተስማምተዋል ማለት ነው። ስምም ይሆናል፤ የሻይ ማንቆርቆሪያ እንዳይበርድ የሚለበሰው ሹራብ «ቲ ኮዚ» ይባላል።

ጓሳ፦
እሺ፣ «ኮዚ» ይቁም። «ሃምብል»ስ?

ቅኔ ቆጣሪ፦
«ትሑት» ነው። «ታሕት» ታች ነው፤ ትሑት ራሱን ወደ ታች ያደረገ። ዲያቆኑ «አትሕቱ አርእስቲክሙ» ሲል ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ ማለቱ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን «ሁሙስ» መጥቷል፤ መሬት ማለት ነው። ሁለቱም ቋንቋ ትሕትናን ወደ መሬት አውርዶታል። ይህ እንዲያው የተገጣጠመ አይመስለኝም።

እንዝርት፦
ግሩም ነው መሪጌታ፣ ግን «ትሑት ባና» ማን ይላል? ትሕትና ፈቃድ ይፈልጋል። ባና ራሱን ዝቅ ማድረግ አይችልም። እንግሊዝኛው ለጎጆም ለድንች ወጥም «ሃምብል» ይላል፤ የእኛው ከሰው አይወጣም። ለዕቃ «ተራ» ካልን አዋረድነው፣ «መናኛ» ካልን ሰደብነው። «ልዝብ» እላለሁ፤ ለጠባይም ለጨርቅም ይሆናል።

ቅኔ ቆጣሪ፦
ፈቃድ የገባው ኋላ ነው። «ታሕት» መጀመሪያ የቦታ ቃል ነው፤ ከዚያ ወደ ጠባይ ወጣ።

እንዝርት፦
ጓሳ፣ እስኪ ወደ ዕቃው እንመለስ። ስለ ሠሪው እጅ የሚናገር ቃል ከፈለግክ «ሆምስፐን» አለልህ፤ በቀጥታ «የቤት ፈትል» ነው። በእንግሊዝኛም መጀመሪያ የጨርቅ ስም ነበር፤ ቤት የተፈተለ፣ ሻካራ፣ ጠንካራ። ኋላ ነው ለቀላል ንግግርና ለቀላል ሰው የተረፈው። ከሦስቱም ቃላትህ የተሻለ እውነት ይናገራል፤ የሚናገረው ግን እውነት ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። አሁን ብዙ ሸማ ድሩ (በቁመት የሚሄደው ክር) የፋብሪካ፣ ማጉ (በአግድም የሚገባው) ብቻ የእጅ ነው። ባናህ እንዲያ ከሆነ «ሆምስፐን» ግማሽ ውሸት ይሆናል።

እንዲህ ይፈተናል። ከዘርፉ አንድ የድር ክር፣ ከጎኑ አንድ የማግ ክር ምዘዝ፤ የጣት ርዝመት ይበቃል። በመጀመሪያ በብርሃን አንጻር ያዘው። የእንዝርት ክር አንድ ቦታ ወፍሮ አንድ ቦታ ይቀጥናል፣ አከራረሩም እኩል አይደለም። የፋብሪካው ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ከዚያ በወረንጦ ይዘህ ጫፉን ለኩሰው፤ በጣት አትያዘው፣ ፕላስቲክ ካለበት ቀልጦ ይጣበቃል። የበግ ፀጉር እንደተቃጠለ የሰው ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቀው ቶሎ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ፍሙም ይዘገያል። ሰው ሠራሹ ይኮማተርና ጠጥሮ እንደ ጨሌ ይቀራል። ክሮቹን ለየብቻ ለኩስ፤ አብረህ ካነደድካቸው ሽታው ያሳስትሃል።

ዘይፋት፦
«ረስቲክ»ስ? ላቲኑ «ሩስ» ገጠር ነው፤ ባላገር ማለት ይሆናል።

ድርና ማግ፦
ይሆናል፣ ዕጣቸውም አንድ ነው። «ባላገር» ባለ አገር ነበር፣ መሬት ያለው፤ ከተሜው ነው ወደ «ያልሠለጠነ» ያወረደው። ግን ሻጮች «ረስቲክ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ላዩ ሳይለሰልስ ለተተወ እንጨትና ሸክላ ነው። ለባና ሸካራነቱን ብቻ ያወጣበታል። «ስነግ»ም እንዳይታሰብ፤ ልክክ ብሎ ለሚይዝ ነገር ነው፣ ባና ደግሞ ሰፊ ነው።

አንኮበር በር፦
«ቤተኛ» ገና አላለቀም። «ኛ»ን እንመርምር። ከረቂቅ ስም ሲወጣ ለዕቃም ይሆናል፤ ኃይለኛ ነፋስ፣ አደገኛ ገደል፣ ልከኛ ጫማ። ከሚዳሰስ ስም ሲወጣ ግን ሰው ይሆናል፤ ፈረሰኛ፣ በረኛ፣ መንገደኛ። ለዕቃና ለቦታ ሲሆን «ማ» ነው የሚገባው፤ ድንጋያማ መሬት፣ ውኃማ ወጥ። ቤት የሚዳሰስ ነው፤ ስለዚህ ቤተኛ ሰው ነው።

ቅኔ ቆጣሪ፦
«ላይኛው ደርብ»፣ «ታችኛው በር»፣ «ፊተኛው ረድፍ» የት ይግቡ? ደርብ ሰው አይደለም። «ታች» ራሱ «ታሕት» ነው፤ ተመልሰን ወደ ትሑት መጣን።

ጓሳ፦
ሁለቱን ክር ለየብቻ ለኮስኳቸው። ማጉ ፀጉር ፀጉር ሸተተ፣ አመዱም ፈረሰ። ድሩ ተኮማትሮ ጠጠረ። እንግዲህ «ሆምስፐን» አይጻፍም። «ኮዚ» አንድ ነው፤ ሁለተኛው ማን ይሁን?

አንኮበር በር፦
መሪጌታ፣ «ላይኛው» እና «ታችኛው» የተራ ቃላት ናቸው፣ እንደ «ሁለተኛው»። ስለዚህ ያለ «ው» ብዙም አይቆሙም። «ታችኛ በር» ሲሉ ሰምተው ያውቃሉ? «ቤተኛ» ግን ያለ «ው» ይቆማል፤ ልዩነቱ እዚያ ነው።

ቅኔ ቆጣሪ፦
«ዋነኛ መንገድ»ስ? ያለ «ው» ቆሟል፣ ሰውም አይደለም። ይህን ይመልሱልኝና እቀጥላለሁ።