ኢስታንቡል ላይ ያለችንን አንድ ቀን እንዴት እናድርጋት?

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደሴ ነው። ጀርመን የምትኖረው እህቴ እናታችንን በመርከብ ሽርሽር ልታስደስታት ነው፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። መርከቡ ጉዞውን የሚጨርሰው ኢስታንቡል፣ ጋላታፖርት የሚባለው የመርከብ ወደብ ላይ ነው። አርብ ጠዋት እንወርዳለን፤ አውሮፕላናችን ሌሊት ነው።

እናቴ ጁምዓ የምትሰግደው እዚሁ ደሴ፣ ሸዋበር መስጂድ ነው። አሁን ደግሞ «ሱልጣን አህመድ አንዴ ከሰገድኩ ሌላው ይቅርብኝ» ብላለች። ከ1609 እስከ 1616 የተሠራው፣ ሰማያዊው መስጂድ የሚሉት ነው። ጥንታዊው አያ ሶፊያ መስጂድም እዚያው አጠገቡ ነው። ከወደቡ አቅራቢያ ቶፕሃኔ ላይ ቲ1 ትራም ይዘን ሱልጣን አህመድ እንወርዳለን። እስከዚህ ደህና ነው።

የጨነቀኝ ጉልበቷ ነው። ደረጃና ረጅም ሰልፍ አትችልም። አርብ ደግሞ ሰው ይበዛል። የሴቶች መስገጃ በየትኛው በር ነው? ወንበር ይገኛል? ስንት ሰዓት ብንደርስ ሳትገፋ ቦታ ታገኛለች? ሻንጣችንንስ የት አስቀምጠን እንዙር? ኤርፖርቱ ከመሃል ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በአርብ ማታ መጨናነቅ መቼ ብንነሳ ይሻላል?

እኔ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥትን ማየት እፈልግ ነበር። ለእሷ ስል ብተወው ግን አይቆጨኝም። ይልቅ ከሰገደች በኋላ ባሕሩን እያየች አረፍ ብላ ሻይ የምትጠጣበት፣ መውጣት መውረድ የሌለው ቦታ ጠቁሙኝ። በተለይ እናቱን ወይም አያቱን ይዞ የሄደ ካለ፣ እባካችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።