ወንድሜ ሞተር ከገዛ ሦስት ወሩ ነው፤ ይሸጥ ወይስ ይማር?

ጥያቄ፦ እህት ከኩዌት

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፍላችሁ ከኩዌት ነው፤ በሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሐዋሳ ከእናታችን ጋር ይኖራል፤ 20 ዓመቱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ «ሞተር ብትገዢልኝ ዕቃ እያደረስሁ ራሴን ችዬ እናታችንንም እረዳለሁ» አለኝ። የሁለት ዓመት ቁጠባዬን ላክሁለት። ቦክሰር ገዛ፤ ሊብሬው በእናታችን ስም ነው።

አነዳዱን የተማረው ከሰፈር ጓደኛው፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። መንጃ ፈቃዱን ስጠይቀው «እየጨረስሁ ነው» ይላል። ቀን ቀን ዕቃ ያደርሳል፤ ማታ ማታ ግን ሦስት ሆነው ተፈናጥጠው በከተማው ይዞራሉ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሰርግ ከሚያጅቡት ሞተረኞች አንዱ ሆኗል። የጎረቤት ልጅ ቪዲዮ ላከችልኝ። ከሙሽሮቹ መኪና ፊት የፊት ጎማውን አንሥቶ በአንድ ጎማ ይሄዳል፣ ራሱ ላይ ምንም የለም፣ ከኋላውም ሰው አፈናጧል። ባለፈው ሳምንት አንሸራቶት ወድቆ ክርኑ ተልጧል፤ ለእናታችን «በር መታኝ» አላት። እሷም የሞተሩን ድምፅ ከውጭ ሳትሰማ አትተኛም።

የወንድሜን መቅበሪያ በገዛ እጄ የላክሁ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አጎታችን «ነጥቀን እንሽጠው» ይላል። ብንሸጠው ግን እንደገና ሥራ ፈት ሊሆን ነው፤ እኔንም ዕድሜ ልኩን ያኮርፈኛል። ምን ላድርግ? ከዚህ ሆኜስ የማደርገው ነገር ይኖራል?

መልስ፦ አባት ከአዳማ

ልጄ፣ ይሸጥ። የእህቴን ልጅ በሞተር አጥቻለሁ። እሱም 20 ዓመቱ ነበር፤ እኛም «ይበርድለታል» እያልን ስንጠብቅ ነው የሄደው። ኩርፊያ ያልፋል። ገንዘቡ ሱቅ ይከፍትለታል። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

መልስ፦ ያለፈበት ከሻሸመኔ

አባታችን፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። ነገር ግን እኔ እንደዚያ ልጅ ስለነበርሁ የማውቀውን ልናገር።

ሞተር በጀመርሁ በአራተኛው ወር፣ ከሐዋሳ ሰርግ አጅበን ስንመለስ፣ ጥቁር ውኃን እንዳለፍን መብራት የሌለው የአህያ ጋሪ ከፊቴ ነበር። መሽቷል፤ የእኔም መብራት የሚያሳየው ከፊቴ ትንሽ ርቀት ብቻ ነው። ያየሁት የጋሪውን ጭነት ነው፤ ገለባ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የለም። እግሬ ውስጥ ብረት አለ። ያለ ክራንች ለመሄድ አሥራ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ጋሪውን የሚነዱት ሽማግሌም ተጎድተዋል፤ ይህን ሳስብ ከእግሬ ይልቅ ይህ ያመኛል።

ከዚያ በፊት ቤተሰቤ ምን አደረገ? እናቴ ቁልፉን ደበቀችው፤ እኔ ቀድሞውኑ ሌላ አስቀርጬ ነበር። አባቴ ጮኸብኝ፤ እኔም ሞተሩን ጓደኛዬ ቤት ማሳደር ጀመርሁ። ሲነጥቁኝ የጓደኛዬን ሞተር ነዳሁ፤ የማላውቀው ሞተር ስለሆነም የባሰ ሆነ። እህቴ፣ ብትሸጡበትም ልጁ ከሞተር አይወርድም፤ የሰው ሞተር ላይ ነው የሚወጣው። በዚያ ሁሉ ጊዜ «እስቲ እንዴት እንደምትነዳ አሳየኝ» ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። ቢለኝ ኖሮ ፍሬን መያዝ እንኳን እንደማልችል ያን ጊዜ ይታወቅ ነበር።

የሰርጉን አጀብ ግን በፍጹም አትታገሺው። እዚያ የሚጨበጨበው ለባሰው ልጅ ነው።

መልስ፦ የሞተር አሠልጣኝ

ከላይ የተጻፈው እውነት ነው፤ እኔም በየሳምንቱ የማየው ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ወደ 900 የሚጠጉ የሞተር አደጋዎች አንድ በአንድ በቦታው ተመርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ የታወቀ ጥናት አለ። አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች ከ10 ዘጠኙ በራሳቸው ወይም ከጓደኛና ከቤተሰብ የተማሩ ነበሩ። ከግማሽ የሚበልጡት ደግሞ አደጋው የደረሰባቸውን ሞተር ከያዙ ገና አምስት ወር አልሞላቸውም። ወንድምሽ ሦስተኛ ወሩ ላይ ነው። እጁ መንዳት ለምዷል፣ ፍርሃቱ ወጥቷል፣ ዓይኑ ግን ገና አልተማረም። ከሁሉ የሚከፋው ጊዜ ይህ ነው።

ከብስክሌት ወደ ሞተር የሚመጡ ልጆች የፊት ፍሬን አይነኩም። «ይገለብጣል» ተብለው ነው ያደጉት። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ሞተሩን ከሚያቆመው ኃይል 70 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ከፊት ፍሬን ነው። ፍሬን ሲያዝ አብዛኛው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀልላል። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ልጅ ጎማው ይቆለፍበትና ጭራው ተወርውሮ ይጥለዋል። የወንድምሽም ክርን የተላጠው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። ሁለቱም በአንድነት መያዝ አለባቸው፤ የፊቱ ደግሞ ሎሚ እንደሚጨምቅ ሰው ቀስ በቀስ እየጠበቀ፣ በድንገት ሳይሆን። አሸዋና ጭቃ ላይ ወይም መሪው ተጠምዝዞ ሳለ የፊቱን ማጥበቅ ይጥላል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ቀድሞ መቀነስ አለበት።

ይህ በንግግር አይገባም። ባዶ ሜዳ ይፈለግ። መሬቱ ላይ ጠጠር አስቀምጦ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር መጥቶ ጠጠሩ አጠገብ ፍሬን ይያዝና የት እንደቆመ ይለካ። ከዚያ በ40 ይሞክረው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ለተማሪዎቼ በቃል ስነግራቸው ያዛጋሉ፤ ጠጠሩን አልፈው ሲሄዱ ግን ፊታቸው ይለወጣል። በ60 ሲሄድ በአንዲት ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል። ሕፃን ከጓሮ ብቅ ስትል «አየኋት» እስኪል ድረስ ያ ርቀት አልቋል።

ኩርባ ላይ ደግሞ ማርሽም ፍጥነትም የሚቀነሰው ኩርባው ውስጥ ሳይገባ ነው፤ ዓይን የሚያየውም መውጫውን ነው። ጉድጓዱን አትኩሮ ያየ ልጅ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ዝናብ ከብዙ ፀሐይ በኋላ ሲጀምር፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አስፋልቱ ላይ የተኛውን ዘይትና አቧራ ቅባት ያደርገዋል። ያን ጊዜ ቆሞ ሻይ ይጠጣ፤ ሥራው አያመልጠውም።

ለሦስት ወር ሰው አያፈናጥ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የማቆሚያውን ርቀት ይጨምራል፤ ኩርባ ላይም በተቃራኒው ያጋድላል።

መልስ፦ መካኒክ

«ከዚህ ሆኜ የማደርገው አለ ወይ» ላልሽው፣ አለ። በቪዲዮ ደውይለትና ሞተሩን ያሳይሽ። ቁጣ ሳይሆን ገንዘቡን እንዳወጣ ሰው ንብረትሽን እያየሽ ነው።

መጀመሪያ ስፖኪዮውን ተመልከቺ። ልጆቹ «ያምራል» ብለው ሁለቱንም ይፈቱታል። ስፖኪዮ የሌለው ልጅ ከኋላው የሚመጣውን ሲኖትራክ የሚያውቀው ጡሩምባው ሲጮህበት ነው። ቀጥሎ ጎማውን በቅርብ ያሳይሽ፤ ጥርሱ ካለቀ ይቀየር። ፍሬቻውንም የኋላውንም መብራት እያበራ ያሳይሽ። ፍሬኑን ሲይዝ የኋላው ቀይ መብራት ካልበራ የሚከተለው መኪና መቆሙን አያውቅም። ሰንሰለቱን ከሥር በጣቱ ወደ ላይ ይግፋው፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስ ደኅና ነው፤ ከዚያ በላይ ከላላ ወልቆ ጎማውን ሊያስር ይችላል። ማርሚታው ተቆርጦ ከሆነም ታውቂዋለሽ፤ ድምፁ ጆሮሽን ይወጋዋል። የቆረጠው ለታይታ ነውና በዚያ ተነሥታችሁ ስለ ሌላውም ማውራት ትችላላችሁ።

መልስ፦ የድንገተኛ ክፍል ነርስ

እኔ የምናገረው ስለ ሄልሜት ብቻ ነው። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲገመገሙ፣ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። ይህ ግን የአገጩ ማሰሪያ ሲታሰር ነው። ከሚመጡልን ልጆች ብዙዎቹ ሄልሜት ነበራቸው፤ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ወይም ሳይታሰር ገና ሳይወድቁ ከራሳቸው በርሮ። አንዳንዱ የግንባታ ሠራተኛ ቆብ አድርጎ ይመጣል፤ ያ ከላይ ለሚወድቅ ድንጋይ የተሠራ እንጂ ለሞተር አይደለም። አንድ ጊዜ በኃይል የወደቀ ሄልሜትም ከውጭ ደኅና ቢመስል ውስጡ ያለው ስፖንጅ ተጨፍልቋልና ይጣል።

ጓደኞቹም ይህን ይወቁ። የወደቀ ሰው እየተነፈሰ ከሆነ ሄልሜቱን ጎትታችሁ አታውልቁ፤ አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ ለዘላለም ሽባ ልታደርጉት ትችላላችሁ። መስታወቱን ብቻ አንሡለት፣ አንገቱ እንዳይንቀሳቀስ ያዙት፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ደውሉ። በባጃጅ ጭኖ መሮጥ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

ነጠላ ጫማም ይቅር።

መልስ፦ ጠበቃ

ስለ ሊብሬው ማንም አልተናገረም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 መሠረት ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። ወንድምሽ ሰው ቢገጭ የምትጠየቀው እናታችሁ ናት ማለት ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፤ መኖሩን አረጋግጪ። ያ መድን ግን ለሌላው ተጎጂ እንጂ ለነጂው አይደለም። ይህን ለወንድምሽ ንገሪው፤ እናቱን ፍርድ ቤት ማቆም የሚፈልግ ልጅ አይመስለኝም።

ምላሽ፦ እህት ከኩዌት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዓርብ ዕረፍቴ ስለሆነ ደወልሁለት። አልጮኽሁም፤ «ሞተሬን አሳየኝ» አልሁት። ስፖኪዮዎቹ አልጋው ሥር ነበሩ። ሄልሜት አለው፤ ማሰሪያው ተበጥሶ በሽቦ ተቋጥሯል። የኋላው መብራት አይበራም። እያሳየኝ ሳለ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ።

ከዚያ ስለ ሊብሬው ነገርሁት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። «እማዬን ይከሷታል?» አለኝ። አዎ አልሁት። ስፖኪዮዎቹን እዚያው እያየሁት ገጠማቸው።

አጎቴን ይሸጥ ከማለት መልሼዋለሁ፤ በምትኩ ከዚህ ወር ደመወዜ የሥልጠናውን ከፍዬ መንጃ ፈቃዱን እስኪያወጣ ሞተሩ አጎቴ ግቢ ይቆማል። ወንድሜ ተስማምቷል፤ ሰርጉን ለመተው ግን «አስብበታለሁ» ነው ያለኝ። ያለፈበት ወንድሜ፣ ስልኩን በውስጥ ብልክልህ ታናግርልኛለህ? ከእኔ ይልቅ አንተን ይሰማል።

ሌላ አንድ ጥያቄ አለኝ። እናቴ «ከተማረ በኋላ ገበያ ያደርሰኛል» እያለች ነው። ሁለት ሄልሜት ልልክ ነው። የእሷን ልክ እንዴት ልወቅ? ሁልጊዜ ሻሽ ታስራለች።

መልስ፦ ያለፈበት ከሻሸመኔ

ላኪልኝ እህቴ። አልደውልለትም፤ ሐዋሳ ቅርብ ነው፣ እሑድ ራሴ ሄጄ አገኘዋለሁ። ክራንቼንም ይዤ እሄዳለሁ።

መልስ፦ የድንገተኛ ክፍል ነርስ

በልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድቧ በላይ ሁለት ጣት ከፍ አድርገው ጭንቅላቷን ዙሪያውን ይለኩላት፤ የሚገዛው በዚያ ሴንቲ ሜትር ነው። ሲለኩም ሲጠለቅም ወፍራሙ ሻሽ ይውለቅ፤ ከሥሩ ካለ ሄልሜቱ ይዋልላል። ስስ ሻሽ ብታደርግ ግድ የለም። አዲስ ሲሆን ጉንጯን ጠበቅ ማድረግ አለበት፤ ራሷን ስታወዛውዝ ብቻውን ከዞረ ሰፊ ነው። ማሰሪያው ከታሰረ በኋላ ከአገጯ ሥር ሁለት ጣት ብቻ ይግባ።